ለበዓል የተቀባው ደረጃ

ነሐሴ ሲጋመስ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁለት ሽታ ይቀላቀላል፤ የእርጥብ አፈርና የአዲስ ቀለም። እንቁጣጣሽ ያልታደሰ ቤት እንዲገባ የሚወድ ሰው የለምና ግድግዳው ይቀባል፣ የግቢው በር ይታደሳል፣ ቀለም ከተረፈም ደረጃው ይቀባል። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ብንፈልግ ለውጭ ደረጃ ከዚህ የከፋ ወቅት አናገኝም። ከሰኔ ጀምሮ ዝናብ ሲጠጣ የከረመ ሲሚንቶ በአንድ ቀን ፀሐይ ላዩ ነጣ ቢልም ውስጡ ውሃ ነው። ያ ውሃ ፀሐይ ሲጠነክር በመጣበት መውጣት ይፈልጋል፤ መውጫው ላይ የሚጠብቀው ደግሞ አዲሱ ቀለም ነው።

ዘንድሮ ይህንን በእናቴ ቤት አየነው። ቤቱ ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። በዚያ ሰፈር ደረጃ የሌለው ግቢ ብርቅ ነው። የእናቴ ቤት ከበረንዳው ወደ ግቢው የሚወርዱ 7 ደረጃዎች አሉት። አባቴ በሕይወት ሳለ ያሠራቸው ናቸው፤ ላያቸው እንደዚያን ጊዜው ወግ ሊሾ ነው። በነሐሴ መጨረሻ የጎረቤታችን ልጅ ቀባቸው። ልጁ ለቀለም ሥራ አዲስ ነው፤ እናቴ ግን ገንዘቧ ከሰፈር እንዳይወጣ ትወዳለች። ቡናማ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ነበር። አበባየሆሽ ሊሉ የመጡት ልጃገረዶች ጎንበስ እያሉ መልካቸውን ይፈልጉበት ነበር።

መስቀል ሳይደርስ ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ቀጥሎ የቋጠረው ፈነዳ፣ የፈነዳው ተላጠ። መላጡ ለዓይን ያስጠላል እንጂ ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው ያልተላጠው ነበር፤ ካፊያ በነካው ቁጥር ሳሙና እንደፈሰሰበት ያንሸራትታል።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ከቤት መውጣት ቀነሰች። ለወር ማኅበሯ «አልተመቸኝም» ብላ ላከች፤ ከእድር ስብሰባ ቀረች፤ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት ጋር ፀሐይ መሞቋንም ተወችው። ስንጠይቃት «ጉልበቴ ነው» ትላለች። እህቴ ሐኪም ቤት ልትወስዳት ቀጠሮ እስከመያዝ ደርሳ ነበር። እውነቱን ያወጣችው የ6 ዓመት ልጄ ናት። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ «እማማኮ ሰው ሳያያት ቁጭ እያለች ነው የምትወርደው» አለች። በየደረጃው እየተቀመጠች፣ በእጇ እየተደገፈች ማለቷ ነው። እናቴ ወጡን ማማሰሏን ቀጠለች እንጂ አላስተባበለችም።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«እናቱ እዚህ መጥታ ቡና ስትጠጣ ያንን ደረጃ እያየች እንዴት ደስ እንደሚላት ታውቃለህ? የመጀመሪያ ሥራውን አፈራርሼ ልጁን ሰው ፊት ላዋርደው?»

ወላጅ ያለው ሰው ይህንን ዓይነት መልስ ያውቀዋል። አሮጊት እናቶች መውደቅን ሲፈሩ «ፈራሁ» አይሉም፤ መውጣት ያቆማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሳይታሰብ በሚደርሱ አደጋዎች ከሚከሰቱት ሞቶች በዓለም ላይ መውደቅ 2ኛውን ደረጃ ይይዛል፤ በመውደቅ ሕይወታቸው ከሚያልፈውም የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ ያስጨነቀኝ የዚያች ሴት ቤት ውስጥ መዋል ነበር። እናቴ ከሰው ካልተገናኘች ታማለች።

ደረጃውን የመረመሩልን ከበላያችን ባለው ግቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በግንባታ ካቦነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። የያዙት መሣሪያ አንድ ቢላዋ፣ አንድ ጥቅል ፕላስተርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነበር። ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነገር ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደህና በሚመስለው ቀለም ላይ በቢላዋ የመስቀል ምልክት ቀደዱ፤ ፕላስተሩን በላዩ ጥብቅ አድርገው ለጥፈው ባንድ ጊዜ ላጡት። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር መጣ። ሌላ ደረጃ ላይ ደገሙት፤ እዚያም መጣ። «ይህ የተለጠፈ እንጂ የተያያዘ አይደለም» አሉ። ቀለሙ ቦታውን ሳይለቅ ቢቀር ኖሮ የላላውን ብቻ አንስቶ በቀረው ላይ መቀባት ይቻል ነበር።

ቀጥለው በተላጠው ባዶ ሊሾ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረጉ። ጠብታው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ተቀመጠ። ሲሚንቶው ውሃ የማይጠጣ ከሆነ ቀለምም አይጠጣም፤ ቀለም ሥር የሚሰደው ደግሞ ሲጠጣ ነው። ሊሾ የሚባለው አሠራር ላዩ በማንኪያ እየታሸ እንዲለሰልስ የሚደረግ ነው፤ ለመወልወል እንዲመች ተብሎ የተሠራ ነገር ቀለም የሚይዝበት ጥርስ የለውም።

ሦስተኛው ፈተና አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። በየጎኑ 45 ሴንቲሜትር የሆነ የላስቲክ ቁራጭ ባዶው ሲሚንቶ ላይ አድርገው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሸጉ። በማግሥቱ ሲገለጥ የላስቲኩ ሆድ አቅርሯል፤ ሥሩ ያለው ሲሚንቶም ጠቁሯል። መስከረም ሊያልቅ ነው፣ ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፣ ደረጃው ግን ገና አልደረቀም።

በዚህ ሁሉ ላይ የቀለሙ ዓይነት ተጨመረበት። ሲሚንቶ በተፈጥሮው እንደ ኮስቲክ ሶዳና እንደ አመድ ውሃ የሚፋጅ ባሕርይ አለው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይህ ባሕርዩ ይቀሰቀሳል። የዘይት ቀለም ደግሞ ስሙ እንደሚለው ዘይት ነው። ቅባትና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ ምን እንደሚወጣ ቤቱ ሳሙና ያበሰለ ሰው ያውቃል። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተቀባ የዘይት ቀለም ከሥሩ ቀስ በቀስ ወደ ሳሙናነት እየተለወጠ ይለቃል። ልጁ ብሩሽ መያዝ አላቃተውም፤ አቀባቡ ቀጥ ያለ ነበር። የተሰጠው ቀለምና የተሰጠው ወር ነበር ልክ ያልሆነው።

ይህንን ነገር ለእሱ መንገር ከቀለሙ በላይ ከባድ ሥራ ነበር። እናቴ «አንተ አትናገረው፣ እሳቸው ይናገሩት» አለች፤ ካቦው «እኔ ብናገረው ትምህርት ቤት የገባ ይመስለዋል፣ ልጅዎ ይናገረው» አሉ። በመጨረሻ አንድ ማታ ሱቅ በር ላይ አገኘሁትና ደረጃውን ካቦው አብረውት ሊያድሱት እንደሚፈልጉ፣ ቀኑም እንደሚከፈለው ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ጋሼ፣ እኔም አይቼዋለሁ። እማማን እንዳላገኛቸው በላይኛው መንገድ እየዞርኩ ነበር የምገባው» አለኝ። ሁለቱም በአንድ ደረጃ ምክንያት ከቤት መውጫ አጥተው ነበር ማለት ነው።

ሥራው የተጀመረው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ከመፋቅ በፊት ግን ለልጅና ለልጅ ልጅ ሲባል መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ከአዲሱ ቀለም ሥር በአባቴ ጊዜ የተቀባ ግራጫ ቀለም ብቅ አለ። የቆየ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ የምንጽፍበትን እርሳስ ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው። ዛሬ አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ አላት፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ግን በየቤቱ አለ። እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው፤ ይህን ያህል ቢገባ አይጎዳም የሚባልለት መጠን እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ደርቆ ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ እጅ ላይ፣ አሻንጉሊት ላይ፣ ከዚያም አፍ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ግራጫው ቀለም እርሳስ ይኑረው አይኑረው ሳንመራመር እንዳለበት ቆጠርነው። ልጆቹ እህቴ ቤት ዋሉ። የበረንዳው በርና መስኮቱ ተዘጋ። ከደረጃው ግራና ቀኝ ሰፊ ላስቲክ ተነጠፈ። መፋቂያው ቦታ በውሃ እየረጠበ በስፓቱላና በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ፤ አፍና አፍንጫም ተሸፈነ። ደረቅ መጥረጊያ የሚባል ነገር አልተነካም፤ የወደቀው በእርጥብ ጨርቅ ተለቅሞ ከረጢት ውስጥ ታሰረ። እናቴ በልማድ «እሳት ማቀጣጠያ ይሆነኛል» ልትል ነበር። ቀለም አይቃጠልም፤ ጭሱ ከብናኙ አይሻልም። ጎመን መደብ ላይም አይጣልም። ቀለምን በእሳት ነበልባል አሙቆ የሚያነሳ ቀቢ ካጋጠማችሁም ሕፃን ባለበት ግቢ አትፍቀዱለት። የሠራተኞቹ ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ታጠበ።

ቀለሙ ሲነሳ የሦስተኛው ደረጃ አፍንጫ መሰንጠቁ ታየ። በአሸዋና በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ለጥቂት ቀናትም ከላይ እርጥብ ጆንያ ተደረገበት። ከዚያ መጠበቅ መጣ። አዲስ ሲሚንቶ ቀለም ከመቀባቱ በፊት 28 ቀን ያህል ይፈልጋል። ይህ ጥበቃ ሰውን ያሰለቻል፤ ቀቢም አይወደውም፣ ክፍያው ይዘገይበታል። ለእኛ ግን ጥቅምት በሙሉ ደረቅ ፀሐይና ነፋስ ሆኖ ደረጃውን ከውስጥ አደረቀልን። እናቴ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ማታ ጀምሮ በባዶው ሲሚንቶ ላይ ቆማ መውረድ ጀመረች። ጉልበቷን ሲያማት አልሰማሁም።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። ለውጭ ደረጃ የሚሻለው ጨርሶ አለመቀባት ይመስለኛል። ሻከር ብሎ የተሠራ ሲሚንቶ ወይም ያልተወለወለ ድንጋይ ዝናብም ፀሐይም አያስደነግጠውም። በአዳዲስ ቤቶች መግቢያ ላይ የማየው የሚያብለጨልጭ ሴራሚክማ ለአያቶች የተጠመደ ወጥመድ ነው። እናቴ ግን ቀለም አልባ ደረጃ «ያላለቀ ቤት» ይመስላታል፤ ቤቱም የእሷ ነው።

በ28ኛው ቀን የላስቲኩ ፈተና ተደገመ። ላስቲኩ ደረቅ፣ ሲሚንቶውም ነጭ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሊሾው ሸካራ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ በ60 ቁጥር፣ እየታሸ ልስላሴው ተሰበረ። አሲድ አፍስሶ ሊሾን ማሻከር የሚመክሩ አሉ፤ ሕፃንና አሮጊት ባለበት ግቢ ክንድ ይድከም እላለሁ። ጥጉ ላይ የያዘው አረንጓዴ ነገር በበረኪናና በውሃ ተፈትጎ ታጠበ። በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ፈሳሽ ሳሙና፣ ብዙ ውሃ፣ እንደገና ሁለት ቀን ፀሐይ። ካቦው ያንን ጠብታ ውሃ ደግመው ጣሉ፤ አሁን ሲሚንቶው ጠጣው።

ቀለሙን ስንገዛ ጥያቄው ሁለት ብቻ ነበር፤ ለውጭ ይሆናል ወይ? የሚረገጥ ሲሚንቶ ይችላል ወይ? የግድግዳ ቀለም እግር አይችልም፤ በአንድ ክረምት ተበልቶ ያልቃል። የወሰድነው በውሃ የሚቀጥን፣ ለሲሚንቶ ወለል የተዘጋጀ፣ የማያብለጨልጭ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ቀለም ከዘይቱ ይልቅ የሲሚንቶን ፋጅነት ይችላል፤ የቀረች እርጥበት ካለችም በመጠኑ ያስተነፍሳታል።

ልጁ አንድ ደረጃ እየዘለልን እንቀባ፣ ሰው በቀረው ይወጣ ይወርዳል የሚል ሐሳብ አመጣ። ለጎልማሳ ቤት ጥሩ መላ ነው። ካቦው ግን «እማማ ሊዘሉልህ ነው?» አሉት። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች የደረጃው ቀኝ ግማሽ ተቀባ፤ ግራው ለመተላለፊያ ቀረ። ቀኙ ሲጠነክር ተራው ለግራው ደረሰ። መካከል ላይ የሚፈጠረው መስመር ሁለተኛው ቀለም ሲወርድበት ይጠፋል።

የኅዳር ማለዳ ጤዛ አለውና ብሩሽ የተነሳው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚያገኘው ደረጃ ጥላ እስኪያርፍበት ተጠበቀ፤ በጋለ ሲሚንቶ ላይ የተቀባ ቀለም ላዩ ቶሎ ይደርቅና ከሥር ውሃ ይቋጥራል። ከ9 ሰዓት በኋላም አልተቀባም፣ ሳይደርቅ የማታው ብርድ እንዳያገኘው። የመጀመሪያው እጅ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን ቀጠን ብሎ በብሩሽ ወደ ውስጥ እየተፈተገ ተቀባ። በማግሥቱ ሁለተኛው እጅ በሩሎ ወረደ፤ ሳይደርቅም አሸዋ ተበተነበት።

ከጠቅላላው ሥራ ይህ አሸዋ ነው ለእናቴ ዋናው። የወንዝ አሸዋ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በወንፊት ተነፍቶ ደቃቁ ተወስዷል። አፈር ያለበት አሸዋ ቀለሙን ይበላሻል፤ ጠጠር ያለበት ደግሞ በባዶ እግር የሚሮጥ ልጅ ጉልበት ይልጣል። ካቦው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ገበሬ ጤፍ እንደሚዘራ እጃቸውን ከፍ አድርገው በተኑት። ከፍ ብሎ ሲበተን እኩል ይወርዳል፤ ከቅርብ ሲበተን ይከመራል። አድሮ ሲደርቅ ያልያዘው አሸዋ በመጥረጊያ ተነሳ፤ ሦስተኛው እጅ ደግሞ የያዘውን ቆልፎ አስቀረው። ስትረግጡት አይታይም፣ ጫማ ግን ይይዛል። ልጄ እጇን አሽታበት «የድመት ምላስ» አለችው።

ቀለማችሁ ሳይላጥ እያንሸራተተ ብቻ ካስቸገራችሁ ይህን ሁሉ ማፍረስ አያስፈልግም። በቢላዋና በፕላስተሩ ፈተና ካለፈ በሳሙና አጥባችሁ፣ ማብለጭለጩ እስኪጠፋ ውሃ እያስነካችሁ በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ፣ ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር የሚስማማ ቀለም በአሸዋው መላ ጨምሩበት። የሁለት ወይም የሦስት ቀን ሥራ ነው።

የመጨረሻው ነገር የልጁ የራሱ ሐሳብ ነበር። እናቴ ስትወርድ በእግሯ ጣት ጠርዙን እንደምትፈልግ አይቷል። ቀለሙ በሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ በተለይ አመሻሽ ላይ፣ ያረጀ ዓይን አንዱ ደረጃ የት እንዳለቀ ሌላው የት እንደጀመረ አይለይም። በየደረጃው ጠርዝ ላይ ሦስት ጣት የሚሰፋ ነጭ መስመር በፕላስተር ለክቶ ቀባ፤ አሸዋም አልረሳበትም። እናቱ ለቡና ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። «ይህ የመንገድ መሻገሪያ ነው እንዴ?» አለች። እናቴ «ልጅሽ ለእኔ ያሠመረልኝ ነው» አለቻት።

ለሦስት ቀን በለስላሳ ነጠላ ጫማ ብቻ ተረገጠ። የአበባ ማሰሮዎቹ ለአንድ ሳምንት ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፤ ከባድና እርጥብ ነገር ያልጠነከረ ቀለም ላይ ይጣበቃል። ሲመለሱም ሥራቸው ውሃ እንዳይቋጥር በትንንሽ ጠጠር ላይ ተቀመጡ። የተረፈው ቀለም ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ፣ የተቀባበት ቀን ተጽፎበት፣ ልጆች የማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ነው። የጣሪያው አሸንዳ ያንጠባጥብ የነበረው በቀጥታ አራተኛው ደረጃ ላይ ስለነበር ወደ ጎን ተመልሷል።

የቀረው የእጅ መደገፊያው ነው። በግድግዳው በኩል ደረጃዎቹን ሁሉ ይዞ የሚወርድ ብረት ተለክቷል፤ ከመጨረሻው ደረጃ ትንሽ አልፎ እንዲሄድ ካቦው አዘዋል፣ እናቴ መሬት ስትረግጥ እጇ ባዶ እንዳይሆን። ብረት ሠሪው ለገና እናደርሳለን ብሏል። ልጁ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ከደረሰ አንቲሩጂኒውን በነፃ እቀባዋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል።